ለከፍተኛ ጉልበት አውቶሞቢሎች ምትክ የፍሬን ሸራና ዲስክ አመራረጥ

ለስፖርት አገልግሎት የተሠሩና ከፍተኛ የሞተር ጉልበት ያላቸው አውቶሞቢሎች ከፋብሪካ ሲወጡ ከፍጥነታቸውና ከክብደታቸው ጋር የተመጣጠነ ፍሬን ይገጠምላቸዋል። ይህ ምጣኔ ብዙውን ጊዜ የሚዛባው የመጀመሪያው የፍሬን ሸራና ዲስክ አልቆ ምትክ በሚገዛበት ወቅት ነው። በመልክ ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ሸራዎች ሲሞቁ ፈጽሞ የተለያየ ጠባይ ሊያሳዩ ይችላሉ። ይህ መረጃ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ምትክ የፍሬን ሸራና ዲስክ ሲመርጡ፣ ሲገዙና ሲያስገጥሙ ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን የያዘ ሲሆን፣ አብዛኛው ይዘቱ ለማናቸውም የዲስክ ፍሬን ላለው ቀላል ተሽከርካሪ ያገለግላል።

ፍሬን በሙቀት ላይ ያለው ጥገኝነት

ፍሬን የተሽከርካሪውን የእንቅስቃሴ ኃይል በሰበቃ ወደ ሙቀት ይለውጣል። የእንቅስቃሴ ኃይል ከፍጥነት ጋር በእጥፍ ብቻ የሚያድግ አይደለም፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በመሆኑም በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አውቶሞቢል ለመቆም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከሚጓዘው አራት እጥፍ ሙቀት ያመነጫል።

ረጅም ቁልቁለት ከዚህም የበለጠ ጫና ያስከትላል። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶሞቢል በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ሳለ ቢቆም ፍሬኑ 580 ኪሎ ጁል ያህል ኃይል ይቀበላል። ይኸው አውቶሞቢል 1,000 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ሲወርድ ግን የሚለቀቀው ኃይል 14,700 ኪሎ ጁል ያህል ነው፤ ይህም ከመቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት 25 ጊዜ በተከታታይ ከመቆም ጋር ይስተካከላል። ከጎሐ ጽዮን ወይም ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አለው። ከዚህ ኃይል ከፊሉን ሞተሩና የአየር ግፊቱ ቢጋሩትም፣ በከፍተኛ ማርሽ የሚወርድ አሽከርካሪ አብዛኛውን ለፍሬኑ ይተወዋል።

የደጋው ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያነሰ ነው። በዚህም ምክንያት በቫክዩም የሚሠራው የፍሬን ረዳት ለእግር የሚሰጠው እገዛ ይቀንሳል፤ አየሩ ስስ በመሆኑም ዲስክ የሚቀዘቅዝበት ፍጥነት ይዘገያል። ምትክ ሸራ ሲመረጥ እነዚህን ሁኔታዎች ከግምት ማስገባት ይገባል።

የፍሬን ሸራ ዓይነቶች

ኦርጋኒክ ሸራ። ከቃጫ፣ ከጎማና ከማጣበቂያ ሙጫ የሚሠራ ሲሆን ድምፅ የለውም፣ ዲስክንም አይጎዳም። ነገር ግን በከፍተኛ ሙቀት የመያዝ ኃይሉ ስለሚቀንስና ቶሎ ስለሚያልቅ ለከተማ ውስጥ ረጋ ያለ ጉዞ እንጂ ለስፖርት አውቶሞቢል አይመረጥም።

ከፊል ብረት ሸራ። በውስጡ የብረት ፋይበርና ዱቄት ስላለው ሙቀትን በሚገባ ይቋቋማል። ለቁልቁለትና ለፈጣን ጉዞ ተስማሚ ነው። በአንጻሩ ድምፅ ሊያሰማ፣ ጥቁር አቧራ ሊያበዛና የዲስኩን ዕድሜ ሊያሳጥር ይችላል።

ሴራሚክ ሸራ። ድምፁና አቧራው አነስተኛ፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ምቹ ሲሆን፣ ተደጋጋሚና ከባድ የፍሬን አጠቃቀም ባለበት ሁኔታ ግን ጥሩ ከፊል ብረት ሸራ ብዙውን ጊዜ ይበልጠዋል።

የውድድር ሸራ። በከፍተኛ ሙቀት እንዲሠራ የተቀመመ ነው። ሳይሞቅ የመያዝ ኃይሉ ደካማ ስለሆነ ጠዋት ከቤት ሲወጣ፣ ወይም ከተማ ውስጥ አንድ ሕፃን በድንገት መንገድ ሲያቋርጥ አደጋ ሊያስከትል ይችላል። የፍሬን ረዳቱ እገዛ በሚቀንስበት ደጋማ አካባቢ ይህ ድክመት ይጎላል። “የውድድር” የሚል ጽሑፍ የጥራት ማረጋገጫ ሳይሆን የአገልግሎት ዓይነት መግለጫ መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።

በሸራው ላይ የሚነበቡ ምልክቶች

በብዙ ሸራዎች ጠርዝ ወይም ጀርባ ላይ ከአምራቹ መለያ ቀጥሎ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይታተማሉ። የመጀመሪያው ፊደል በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ደግሞ በከፍተኛ ሙቀት ያለውን የሰበቃ መጠን ያመለክታል። “ኢ” ከ0.25 እስከ 0.35፣ “ኤፍ” ከ0.35 እስከ 0.45፣ “ጂ” ከ0.45 እስከ 0.55 ያለውን መጠን ይወክላሉ። “ኤፍ ኤፍ” የሚል ሸራ ሲሞቅም መጠኑን ሲጠብቅ፣ “ኤፍ ኢ” የሚለው ሲሞቅ ይዳከማል። ለቁልቁለት ጉዞ ወሳኙ ሁለተኛው ፊደል ነው። ፊደላቱ የሰበቃን መጠን እንጂ የሸራውን ዕድሜ ወይም አጠቃላይ ጥራት እንደማይገልጹ ልብ ሊባል ይገባል።

ሌላው ጠቃሚ ምልክት በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 90 መሠረት የሚሰጠው ነው። በክብ ውስጥ “ኢ” የሚል ፊደልና የአገር መለያ ቁጥር የያዘ ሲሆን፣ በዚህ ደንብ የጸደቀ ምትክ ሸራ ተፈትኖ አፈጻጸሙ ከመጀመሪያው ሸራ ብዙ የማይርቅ መሆኑ የተረጋገጠ ነው።

የዲስክ አመራረጥ

አብዛኞቹ ዲስኮች ከብረት ቀልጦ የሚሠሩ ናቸው። ድፍን ዲስክ ለቀላል አውቶሞቢሎች የኋላ ጎማ የሚያገለግል ሲሆን፣ በከፍተኛ ጉልበት አውቶሞቢሎች የፊት ጎማ ላይ በመካከሉ የአየር መተላለፊያ ያለው ዲስክ ይገጠማል። የአየር መተላለፊያው ክንፎች ጠመዝማዛ ከሆኑ የግራና የቀኝ ዲስኮች የተለያዩ ስለሚሆኑ አቀማመጣቸው መዛነፍ የለበትም።

የተበሳ ዲስክ ክብደቱ ቀላል ከመሆኑም በላይ በዝናብ ጊዜ ውኃን ለማስወገድ ይረዳል። ሆኖም በተደጋጋሚ ከባድ ሙቀት ከቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ ሊጀምር ይችላል፤ ይህ በተለይ በርካሽ ምርቶች ላይ ይታያል። ቦይ ያለው ዲስክ የሸራውን ገጽ ስለሚያጸዳ ለከባድ አገልግሎት ይመረጣል፤ ሸራን ግን ቶሎ ይጨርሳል። ለመደበኛ የመንገድ ጉዞ ልሙጥና ጥራቱ የተጠበቀ የአየር መተላለፊያ ያለው ዲስክ በቂ ነው። የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ የተገጠመላቸው አውቶሞቢሎች ለዚሁ ዲስክ የተሠራ ሸራ ብቻ መጠቀም አለባቸው።

ነባሩ ዲስክ በአዲስ ሸራ መቀጠል የሚችለው ውፍረቱ ከዝቅተኛው ወሰን በላይ ሲሆን፣ ስንጥቅ ሳይኖረውና ሳይጣመም ሲቀር ነው። ዝቅተኛው ውፍረት በዲስኩ ጠርዝ ወይም መሐል ላይ በሚሊ ሜትር ተቀርጾ ይገኛል። ዲስክን በቶርኖ ማስላጥ ገጹን ቢያስተካክልም ውፍረቱን ስለሚቀንስ፣ ከተላጠ በኋላ ከወሰኑ በታች የሚሆን ዲስክ መለወጥ እንጂ መላጥ የለበትም። የሳሳ ዲስክ ሙቀትን የመሸከም አቅሙ ያነሰ በመሆኑ በቀላሉ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም።

ከተሽከርካሪው ጋር መጣጣሙን ማረጋገጥ

የሞዴል ስም ብቻውን በቂ መረጃ አይደለም። ለምሳሌ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ እና ኤስ ቲ አይ የተባለው ጠንካራ ዝርያው በመልክ እጅግ ይቀራረባሉ፤ ኤስ ቲ አይ ግን በብዙ የምርት ዓመታት ብሬምቦ የተባለውን ትልቅ ካሊፐር ስለሚጠቀም የአንዱ ሸራና ዲስክ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ መለዋወጫ ሲታዘዝ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ማቅረብ፣ የነባሩን ዲስክ ስፋትና ውፍረት መለካት፣ አሮጌውን ሸራም ይዞ ማስተያየት ይመከራል። ከፋብሪካው የተለየ ትልቅ ዲስክ ለመግጠም ያሰበ ባለንብረት፣ ካሊፐሩ በቸርኬው ውስጥ የሚበቃ መሆኑንና የፊትና የኋላ ፍሬን ምጣኔ እንዳይዛባ አስቀድሞ በባለሙያ ማስመርመር ይኖርበታል።

የፍሬን ዘይትም ከምርጫው አይነጠልም። አዲስ “ዶት 3” ቢያንስ በ205፣ “ዶት 4” በ230፣ “ዶት 5.1” ደግሞ በ260 ዲግሪ ሴልሺየስ የመፍያ ወሰን አላቸው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ይህ ወሰን ከጊዜ ጋር ይወርዳል፤ ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ የተለመደ ነው። ከሲሊኮን የሚሠራው “ዶት 5” ከሌሎቹ ጋር መቀላቀል የለበትም።

በግዢ ወቅት የሚደረግ ጥንቃቄ

አስመስሎ የተሠራ የፍሬን ሸራ በማሸጊያው ብቻ ላይለይ ይችላል። ገዢው ማሸጊያውን ከፍቶ በሸራው ላይ የአምራች ስም፣ የምርት መለያ ቁጥርና የሰበቃ ፊደላት መታተማቸውን፣ ሸራው ከብረት ጀርባው ጋር ያለ ክፍተት መጣበቁን፣ በሁለቱም ሸራዎች ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ ዓይነት መሆኑን ማየት አለበት። የተሰነጠቀ፣ ጠርዙ የተፈረፈረ ወይም ዘይት የነካው ሸራ መገዛት የለበትም። አሮጌ ብረት ላይ በድጋሚ የተለጠፈ ሸራ በሙቀት ሊገነጠል ስለሚችል ለፈጣን አውቶሞቢል አይመከርም።

በመርካቶ ሶማሌ ተራና በመሰል ስፍራዎች የሚሸጥ ያገለገለ ዲስክ የሚገዛ ሰው ውፍረቱን በመለኪያ ማረጋገጥና ገጹን ለስንጥቅ መመርመር ይገባዋል። ያገለገለ ሸራ ግን ምን ያህል እንደሞቀ ማወቅ ስለማይቻል አለመግዛት ይመረጣል። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ይህን መብት ለማስከበር ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበልና ከማሸጊያው ጋር ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

አገጣጠምና ማላመድ

ሸራና ዲስክ ሁልጊዜ በአንድ አክስል በግራና በቀኝ በአንድነት ይለወጣል። በአንድ ወገን ብቻ መለወጥ ተሽከርካሪው ፍሬን ሲያዝ ወደ ጎን እንዲስብ ያደርጋል። ዲስኩ የሚያርፍበት ገጽ ከዝገት መጽዳት፣ የካሊፐር ፒኖች በተገቢው ቅባት መቀባት፣ የአዲሱ ዲስክ የመከላከያ ዘይትም በፍሬን ማጽጃ መወገድ አለበት። የቆየ ሸራ አዝቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል መካኒኮች አቧራውን በአየር ግፊት ከመንፋት ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ሊያነሱት ይገባል።

ከተገጠመ በኋላ ተሽከርካሪው ከመንቀሳቀሱ በፊት የፍሬን ፔዳሉ እስኪጠነክር በተደጋጋሚ መረገጥ አለበት። ቀጥሎም አምራቹ የተለየ መመሪያ ካልሰጠ በስተቀር፣ ከትራፊክ ነጻ በሆነ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ መካከለኛ ፍሬን በመያዝ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ፣ በመካከሉም ለመቀዝቀዝ ጊዜ በመስጠት ሸራውና ዲስኩ እንዲላመዱ ይደረጋል። አዲስ ሸራ ባስገጠሙ ማግስት ረጅም ቁልቁለት ላለበት ጉዞ መነሳት ተገቢ አይደለም።

የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች

በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በመከልከሉ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ቁጥር እየጨመረ ነው። እነዚህ ተሽከርካሪዎች በባትሪያቸው ምክንያት ከባድ ሲሆኑ አነሳሳቸውም ፈጣን ነው። ፍጥነት ሲቀንሱ ሞተሩ ኃይሉን ወደ ባትሪ ስለሚመልስ ሸራቸው ረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ ነገር ግን ፍሬኑ እምብዛም ባለመነካቱ ዲስኩ ሊዝግ፣ የካሊፐር ፒኖችም ሊነክሱ ይችላሉ። ባትሪው ሙሉ በሆነ ጊዜ ኃይል የመመለሱ ተግባር ስለሚቀንስ፣ ቁልቁለት ላይ ሙሉው ጫና በሸራና በዲስክ ላይ ያርፋል። ስለሆነም ሸራው ባያልቅም ፍሬኑን በየጊዜው ማስፈተሽ አስፈላጊ ነው።

የአደጋ ምልክቶች

በቁልቁለት ጉዞ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ተሽከርካሪው በሚገባ ካልያዘ ሸራው ከአቅሙ በላይ መሞቁን ያመለክታል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከሰመጠ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ መፍላት ሊጀምር ስለሚችል ሁኔታው የከፋ ነው። በሁለቱም ሁኔታዎች ወደ ዝቅተኛ ማርሽ በመቀየር ፍጥነትን መቀነስ፣ በመጀመሪያው አስተማማኝ ስፍራ መቆምና ፍሬኑ በራሱ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል። በጋለ ዲስክ ላይ ውኃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ስለሚችል ክልክል ነው።

ከዓመታዊ ምርመራ በፊት

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ያደርጋሉ። የፍሬን ብቃት የምርመራው አካል በመሆኑ ባለንብረቶች ለቦሎ ከመቅረባቸው በፊት የሚከተሉትን ቢያረጋግጡ ይጠቀማሉ፦

• የሸራው ውፍረት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ መሆኑን፤
• የዲስኩ ውፍረት በላዩ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ወሰን አለማነሱን፤
• ፍሬን ሲያዝ መሪው አለመንቀጥቀጡንና ተሽከርካሪው ወደ ጎን አለመሳቡን፤
• የፍሬን ዘይቱ መጠን በምልክቶቹ መካከል መሆኑንና ሁለት ዓመት አለማለፉን፤
• የዘይት ቱቦዎች አለመሰንጠቃቸውንና አለማንጠባጠባቸውን፤
• የእጅ ፍሬኑ ተሽከርካሪውን በዳገት ላይ መያዙን።

ምርመራው የሚያሳየው ተሽከርካሪው በዕለቱ ያለበትን ሁኔታ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የፍሬኑን ደኅንነት የሚወስኑት የተመረጠው ሸራና ዲስክ ጥራት፣ ትክክለኛ አገጣጠምና የአሽከርካሪው ክትትል ናቸው።