የጅማ ራስ ገዝነት፦ ኢኮኖሚያዊ ጥቅሙና ዋጋው

የጅማ አባ ጅፋር መንግሥት ከጊቤ ማዶ ከነበሩት አምስት የኦሮሞ መንግሥታት አንዱ ሲሆን ከ1830 ገደማ እስከ 1932 ዘልቋል (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። መናገሻው ጅሬን፣ ዋና ገበያው ሂርማታ ነበር፤ የዛሬዋ ጅማ ከተማ የበቀለችው ከዚሁ ገበያ ነው። አንድ አገር ነጻ መሆኑ በኢኮኖሚ ያዋጣዋል ወይስ አያዋጣውም ለሚለው የቆየ ክርክር ጅማ ጥሩ መፈተኛ ናት። በመቶ ዓመት ውስጥ ሙሉ ነጻነትን፣ ግብር እየከፈሉ ራስን ማስተዳደርንና በማዕከላዊ መንግሥት መጠቅለልን ሦስቱንም አይታለች፤ በጦር የተያዙት ጎረቤቶቿ ደግሞ አራተኛውን ዕጣ ያሳያሉ። አራቱ ጎን ለጎን ሲታዩ የሚወጣው መደምደሚያ አንድ ነው፦ የነጻነት ኢኮኖሚያዊ ፋይዳ የሚታወቀው ለሌላ ግብር በመክፈል ወይም ባለመክፈል ሳይሆን፣ ከግብር የተረፈው ሀብት በማን እጅ እንደሚቀርና ወደ ገበያ የሚያወጣው መንገድ በማን ፈቃድ እንደሚከፈት ነው።

የኬላው ዘመን

ጅማ ባለጸጋ ከመሆኗ በፊት የአካባቢው ንግድ በሊሙ እናርያ እጅ ነበር፤ ሳቃ የተባለው ገበያዋም በሩቅ ይታወቅ ነበር። ቀዳማዊ አባ ጅፋር በ1847 ባዲ ፎላ የተባለውን አካባቢ ሲይዙ ግን ከከፋ ተነስቶ ወደ ጎጃምና ወደ ሸዋ የሚወጣው የሲራራ ንግድ መንገድ በጅማ በኩል ማለፍ ጀመረ። ከደቡብ ቡና፣ ዝባድ፣ ኮረሪማ፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና የማርያ ቴሬዛ ብር ይወርዳል። የአገሩ ዳር በቦይና በአጥር የተከበበ ሲሆን ከዚያ ውጪ ሞጋ የሚባል፣ ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ይተው ነበር። መግቢያው ኬላ ብቻ ነው። እዚያም አባ ኬላ የሚባለው ሹም ነጋዴውን ያስቆማል፤ ከየት መጣህ፣ ምን ጫንክ ብሎ ይጠይቃል፤ የንጉሡ ፈቃድ ሳይደርስም በቅሎው ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ሶሲዮሎጂስቱ ዶናልድ ሌቪን ሂርማታ እስከ 30,000 ሰው ይሰበሰብባት እንደነበር ጽፏል። ለነጻነት የሚቀርበው የመጀመሪያው ኢኮኖሚያዊ ማስረጃ ይህ ነው፦ በሩን የያዘ፣ የሚያልፈውን ሁሉ ይቀርጣል፣ ገበያውንም የት እንደሚያቆም ራሱ ይወስናል።

ሆኖም የኬላው ገቢ ጅማ ካመረተችው ይልቅ በጅማ በኩል ካለፈው የተገኘ ነበር። ሳቃ የደበዘዘችው መንገዱ ስለዞረ እንደሆነ ሁሉ፣ ሂርማታም መንገዱ ቢዞርባት ያው ዕጣ ይጠብቃት ነበር። ባሕር የሌለው መንግሥት ኬላ ቢኖረውም ሌሎች ደጃፎች ከፊቱ ይቀሩታል፤ የጅማ ቡና ወደብ እስኪደርስ በጎጃም ወይም በሸዋ ሹማምንት ኬላዎች ማለፍ ነበረበት። ስለዚህ ሙሉ ነጻነት እንኳ ከግብር ነጻ አላደረጋትም፤ በዓመት አንድ ጊዜ በሚከፈል ግብር ፋንታ በየመንገዱ የሚንጠባጠብ ቀረጥ ነበረባት።

ቁርጥ ግብር

በ1882 ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን እምባቦ ላይ ድል ካደረጉ በኋላ ከጊቤ ማዶ ያለው አገር ለማን እንደሚገብር ለየለት። ዳግማዊ አባ ጅፋር በእናታቸው በጌኔ ጉሚቲ ምክር ሳይዋጉ ገበሩ ይባላል። በምላሹ አገራቸውን በራሳቸው ሹማምንት ማስተዳደራቸውን ቀጠሉ፤ የሰፈረ ጦርም አልመጣባቸውም። በታሪክ መጻሕፍት ይህ ዓይነቱ ስምምነት ቁርጥ ግብር ይባላል፤ በወለጋ የነቀምቴው ኩምሳ ሞረዳና የቄለሙ ጆቴ ቱሉ፣ በቤኒሻንጉል ደግሞ ሼክ ሆጀሌ ተመሳሳይ ውል ነበራቸው።

የዚህ ውል ኢኮኖሚያዊ ጥቅም የሚገባው በጦር ከተያዙት አገሮች ጋር ሲነጻጸር ነው። በጎማ፣ በሊሙና በጌራ ገበሬው ለሰፈረው ወታደርና ለመልከኛው ገባር ሆኖ ተመደበ፤ እህሉን፣ ማሩንና ጉልበቱን የሚወስደው ሰው ከደጁ የማይርቅ ነበር። እንዲህ ያለው ግብር ጣሪያ የለውም፤ ገበሬው ብዙ ባመረተ ቁጥር ብዙ ይጠየቃል፣ ስለዚህ ብዙ ለማምረት ምክንያት ያጣል። ቁርጥ ግብር ግን ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ከእሱ በላይ የተለቀመ እያንዳንዱ ፈረሱላ ቡና በአገሩ ይቀራል። ከፋ ደግሞ ተዋግታ በ1897 ተያዘች፤ ንጉሥዋ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው ሞቱ፣ አገሪቱ ሰው አልባ እስኪመስል ተዘረፈች፣ በከፋ የምትገኘው የቦንጋ ነጋዴም ወደ ሌላ ገበያ ፈለሰ። የጅማ ብልጽግና ከፊሉ ከከፋ ጥፋት የተገኘ መሆኑ አይካድም፤ የአባ ጅፋር ጦር በ1894 ወላይታ ላይ፣ በ1897 ከፋ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ዘምቷል። የቁርጥ ግብር ዋጋ ብርና ቡና ብቻ አልነበረም፤ ጎረቤትን አብሮ መውጋትም ነበር።

በጅማ ራስ ገዝነት ላይ የሚነሳው ከባዱ ተቃውሞ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሂርማታ ከደቡብ ምዕራብ ትላልቅ የባሪያ ገበያዎች አንዷ ስለነበረች፣ የተከማቸው ሀብት በሰው ንግድ የተገኘ እንጂ የነጻነት ፍሬ አይደለም ይባላል። ተቃውሞው እውነት ነው፤ የሚያፈርሰው ግን የጅማን ጨዋነት እንጂ የኢኮኖሚውን መከራከሪያ አይደለም። ባሪያ በራስ ገዟ ጅማ ብቻ ሳይሆን ጦር በሰፈረባቸው አገሮችም ይሸጥ ነበር፤ ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና በ1924 የባሪያ ንግድን የሚከለክል አዋጅ ያወጣችውም ችግሩ አገር አቀፍ ስለነበረ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይነካል፦ ነጻ የነበረው ቤተ መንግሥቱ ነው፣ ገበሬው ግን ከአዲስ አበባ ጌታ ይልቅ ለጅሬን ጌታ ገበረ እንጂ ምን ለወጠ? ለዚህ ያለው መልስ፣ ጌታው ቅርብ ሲሆን ገበሬው ከአንድ አገር ሹም ጋር ብቻ ይነጋገራል፣ የአገሩን ሕግም ያውቃል የሚል ነው። ያ የጌታ ልዩነት እንጂ ከጌታ ነጻ መሆን አይደለም፤ ስለሆነም ራስ ገዝነት ለአገር የሚሰጠውን ጥቅም ለሕዝብ እንደተሰጠ አድርጎ መቁጠር አይቻልም።

ከተጠቀለለች በኋላ

የጅቡቲ ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የጅማ ቡና ዋና መውጫ አዲስ አበባ ሆነ። የራስ ገዝነቱ መሠረት መናጋት የጀመረው ያኔ ነው፤ በር መያዝ ያስከብር የነበረው ነጋዴ አማራጭ መንገድ ሲኖረው ነበር፣ ዋናው በር አዲስ አበባ ከሆነ ግን የሂርማታ ኬላ የመንገድ ላይ መሰናክል ሆኖ ይቀራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአባ ጅፋርን እርጅናና የልጅ ልጃቸውን የአባ ጆቢርን ወራሽነት ተንተርሰው በ1932 ጅማን ጠቀለሉ። በ1936 የመጡት ጣልያኖችም ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው ዋና ከተማ አድርገው መንገድና ሕንጻ ሠሩባት። ከጦርነቱ በኋላ የቡና ዋጋ ሲጨምር የጎማ፣ የማና፣ የሊሙና የአጋሮ ቡና በመኪና ይጋዝ ጀመር። አንድነትን የሚደግፉ ሰዎች ይህን ዋቢ ያደርጋሉ፦ ኬላው ባይፈርስ፣ መንገዱ ባይዘረጋ ይህ ሁሉ ባልሆነ ይላሉ።

መንገዱ ጠቃሚ መሆኑ አያከራክርም። ከመጠቅለሉ ጋር የመጣው ግን መንገድ ብቻ ሳይሆን ስለ ትርፉ የሚወስነው አካል መለወጥም ነው። በደርግ ዘመን የቡና ገበያ ኮርፖሬሽን የመንግሥትን ዋጋ ለገበሬው አስታወቀ፤ ቡና ያለ ይለፍ ወረቀት መጫንም ወንጀል ሆነ። ከዚያ በኋላ እስከ ሐምሌ 2024 ድረስ የቀጠለው የውጭ ምንዛሪ ሥርዓት ስውር ግብር ነበር፦ ላኪው ካመጣው ዶላር ከፊሉን በኦፊሴላዊው ዋጋ ሲያስረክብ፣ በጥቁር ገበያ ያ ዶላር ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ያወጣ ነበር። ብዙ ላኪዎች ቡናን በኪሳራ እየሸጡ፣ በተገኘው ዶላር ባስገቡት ዕቃ ያተርፉ ነበር፤ የልዩነቱን ዕዳ የተሸከመው ከዛፉ ሥር ያለው ገበሬ ነው። ይህን ክፍያ ቁርጥ ግብር የሚያሰኘው ነገር የለም፤ ልኩም አይታወቅም፣ የሚከፍለውም እየከፈለ መሆኑን አያውቅም።

የዛሬው ክርክር

የ1995 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 መገንጠልን እንኳ የሚፈቅድ በመሆኑ ይህ ጥያቄ የታሪክ ብቻ አይደለም። የገበሬው የግብርና ገቢ ግብር ለክልሉ፣ የገቢና የወጪ ንግድ ቀረጥ ደግሞ ለፌዴራል መንግሥት ተሰጥቷል፤ ቡና ለሚያመርት አካባቢ ዋናው ጉዳይ ሁለተኛው ነው። በቡና የበለጸገ አካባቢ ቡናው ራሱን ያስተዳድርበት የሚለው ክርክር ጉልበት የሚያገኘውም ከዚህ ነው። ጣልያናውያኑ የኢኮኖሚ ምሁራን አልቤርቶ አሌሲናና ኤንሪኮ ስፖላዎሬ ትንሽ አገር ንግዱ ክፍት እስከሆነለት ድረስ እንደሚያዋጣው ጽፈዋል። ነገር ግን ኤርትራ በ1993 ከተለየች በኋላ የሆነው ሲታይ ያ ሁኔታ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ይገባል፦ የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ በኅዳር 1997 ሲወጣ የሁለቱ አገሮች ንግድ ተንገጫገጨ፤ በግንቦት 1998 ጦርነት ሲነሳ ተዘጋ፤ የአሰብ ወደብ ያለ ዕቃ ቀረ፣ ኢትዮጵያም በአብዛኛው በጅቡቲ ላይ ተንጠለጠለች። ባሕር ያላት ኤርትራ ይህ ከደረሰባት፣ ባሕር የሌለው የቡና አገር ምን ይጠብቀዋል? በ2001 የዓለም የቡና ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወርድ በቡና ብቻ የቆመ በጀት ምን ይሆን እንደነበርም መገመት አያቅትም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1924 በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ ራሱን በሙያና በንግድ ያልቻለ ሕዝብ ነጻነቱ ጎደሎ እንደሆነ ተከራክረዋል። የጅማ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል፤ የሚጨምረው ነገር ግን አለ። ሙሉ ነጻነት ያለ ወደብ ለጅማ ርካሽ አልነበረም፤ መጠቅለልም መንገድ ሰጥቶ ትርፉን ወሰደ። ከሁለቱ የተሻለው ልኩ የታወቀ ግብርና የተከፈተ መንገድ አንድ ላይ የተገኙበት ዘመን ነበር፤ ጉድለቱም ጥቅሙ ከጅሬን ግቢ ወርዶ ለገበሬው አለመድረሱ ነው። ስለዚህ ነጻነትን የሚደግፍም የሚቃወምም ሰው ሦስት ነገሮችን ሊያስረዳ ይገባዋል፦ የሚከፈለው ግብር ጣሪያ እንዳለው፣ ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ በምን ውል እንደሚጠበቅ፣ እንዲሁም የተረፈው ሀብት አምራቹ ዘንድ እንዴት እንደሚደርስ። እነዚህ ካልተመለሱ ባንዲራው ቢለወጥም ባይለወጥም የቡና ገበሬው ሒሳብ ያው ነው።