በጫና ሙከራ የሚቋረጥ ሰርቨር ችግሩ እንዴት ይለያል?

ወረዳኔት የተሰኘው የመንግሥት መረብ በ1990ዎቹ ዓ.ም የተጀመረው የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ቢቸናን የመሳሰሉ የወረዳ ከተሞችን በሳተላይት ጭምር ከማዕከል ጋር ለማገናኘት ነበር።

የመገናኛ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሲሆን፣ አንድ ጥያቄ ምላሽ እስኪያገኝ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በሰከንድ 100 ጥያቄ ቢላክ 50 ግንኙነቶች በአንድ ጊዜ ክፍት ይሆናሉ፤ መስመሩ ተጨናንቆ ቆይታው 5 ሰከንድ ሲደርስ ግን ቁጥራቸው ወደ 500 ያሻቅባል። ይህም ከሰርቨሩ ማህደረ ትውስታ አቅም በላይ ከሆነ ሥራው ይቋረጣል።

ስለሆነም ሰርቨሩ አስቀድሞ በሕንፃው የውስጥ መረብ፣ ጫናው ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ሊፈተን ይገባል። በዚያ ከጸና መንስኤው በመስመሩ ላይ ይፈለጋል፤ በአንድ ጊዜ የሚስተናገዱ ግንኙነቶችም በልክ ይወሰናሉ። ያለበለዚያ ጤናማ ሰርቨር ተለውጦ የባለጉዳዩ መጉላላት ይቀጥላል።