ምልክት መስጠት፦ ለ«ኮዲንግ» የሚስማማ አማርኛ

«ኮዲንግ» ሲባል ብዙ ሰው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ይመስለዋል። በዓይነታዊ ምርምር፣ ማለትም ቁጥርን ትቶ ሰው ከተናገረው በሚነሣ ጥናት፣ ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ቃለ መጠይቁን እያነበቡ ከንግግሩ ጎን ፍሬ ነገሩን የሚጠቁም አጭር መለያ መጻፍ ነው። እኔ «ምልክት መስጠት» እለዋለሁ። ቃሉ ባዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተማሪ ከዜማ መጽሐፉ ከድጓው ቃል በላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈችውን ምልክት አይቶ፣ ሌላ ቦታ ያጠናውን ዜማ እዚህ ያመጣዋል። የምልክቱን ሥርዓት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳወጡት ይነገራል።

በምርምር ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እንየው። በ1960 ዓ.ም. የቢቸናና የሞጣ አውራጃ ገበሬዎች በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሸፈቱ። ዘመኑን የሚያስታውሱ አንድ አዛውንት «ግብሩስ ባልከፋ፤ ቀላድ ሊጣልብን ነው ብለን ነው እንጂ» ቢሉና ቃለ መጠይቁን የሚያጠናው ተማሪ «ግብር» ብሎ ምልክት ሰጥቶ ቢያልፍ፣ ዋናው ነገር አመለጠው። ገበሬው የፈራው መሬቱ ተለክቶ ርስቱን እንዳያጣ ነበር። «የርስት ስጋት» የሚል ሁለተኛ ምልክት ያስፈልጋል፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ሁለቱንም ይሸከማል።

ለዚህ ሥራ ኤንቪቮ፣ አትላስ ቲአይና ማክስኪውዲኤ የተባሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች በክፍያ ይገኛሉ፤ ታጌትና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ኦፕን ኮድ ደግሞ በነጻ። ብዙ ጊዜ ምርጫው በዋጋ ወይም በአማካሪው ልማድ ይወሰናል። እኔ ግን መጀመሪያ አንድ ገጽ አማርኛ አስገብታችሁ «ርስት» ብላችሁ ፈልጉበት እላለሁ። «በርስት» ይገኛል፤ «ርስታችን» እና «ርስቴ» ግን አይገኙም፣ «ት» ወደ «ታ» እና «ቴ» ሲዞር ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ሆኗልና። «ርስ» ብላችሁ ብታሳጥሩት ደግሞ «እርስ በርስ» እና «ከርስዎ» ይጎርፋሉ። «ጸሐይ» እና «ፀሐይ»ም አይተዋወቁም። እንግዲህ እንዲህ ባለ የቃል ፍለጋ ላይ ተመሥርቶ ቃል እቆጥራለሁ፣ በራሴ ምልክት እሰጣለሁ የሚለው ውድ አገልግሎት ለአማርኛ ቃለ መጠይቅ እምብዛም አይረባም፤ አንብቦ ምልክት የሚሰጠው ሰው ነው።

ሃያ ቃለ መጠይቅ ለያዘ ተማሪ እኔ ታጌትን እመርጣለሁ። ጽሑፉን አቅልሞ ምልክት ከማኖር ብዙም አያልፍም፤ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። በራስ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ኢንተርኔት ሳይኖርም ይሠራል፤ የአዛውንቱም ቃል ከተማሪው እጅ አይወጣም።