ትእምርትና ውዳሴ፦ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ሁለት መጻሕፍት

የአንድ ሊቅ የትእምርት አስተሳሰብ በፈጠራ ሥራው ውስጥ እንዴት ይታያል? ጥያቄው በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሰው ጣልያናዊው ኡምቤርቶ ኤኮ ነው። ኤኮ የሥነ ትእምርት ንድፈ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1975፣ ታሪኩ በመካከለኛው ዘመን ገዳም የሚፈጸም ልብ ወለዱን ደግሞ በ1980 አሳትሟል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ወደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ ዛሬ መካነ ሰላም ወደምትገኝበት የቦረና ምድር አመጣዋለሁ። አባ ጊዮርጊስ የሚጠሩበት የጋስጫ ገዳም የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው።

በሐይቅ እስጢፋኖስ የተማሩት አባ ጊዮርጊስ ልብ ወለድ አልጻፉም። ሆኖም «መጽሐፈ ምሥጢር» የራሱ የንባብ ሕግ ያለው ክርክር፣ በስማቸው የሚታወቀው «አርጋኖነ ውዳሴ» ደግሞ በምሳሌ የተሠራ ድርሰት ስለሆነ ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1424፣ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን የተፈጸመው «መጽሐፈ ምሥጢር» ከአርዮስና ከንስጥሮስ አንሥቶ በደራሲው ዘመን እስከነበረው እስከ ቢቱ ድረስ በመናፍቅነት የተወገዙትን ይሞግታል። ሁሉም የሚጠቅሱት ቅዱስ መጽሐፍን ነው፤ የሚለያዩት በፍቺው ነው። ስለዚህ ደራሲው አንዱን ጥቅስ በሌላው እየመሰከሩ የፍቺውን በር ያጠባሉ። ፍቺ በዚያ ዘመን ዋጋ ያስከፍል ነበር፤ እርሳቸውም በዐፄ ዳዊት ዘመን መታሰራቸውን ገድላቸው ይተርካል።

በ«አርጋኖን» መንገዱ ይገለበጣል። ስሙን ከዜማ መሣሪያ የወሰደው ይህ መጽሐፍ በሳምንቱ ዕለታት የተከፈለ የማርያም ውዳሴ ነው። የምትወደሰው አንዲት ስትሆን ትእምርቶቿ ግን ይበዛሉ። እንደ ዕፀ ጳጦስና እንደ አሮን በትር ያሉ የብሉይ ኪዳን ምሳሌዎች ይደራረባሉ፤ አንዱም ሌላውን አይሽርም።

በእኔ አስተያየት ሁለቱ መንገዶች አይጋጩም። በአሳብ እንጂ በተጻፉበት ጊዜ ቅደም ተከተል አልልም፤ ክርክሩ ለውዳሴው ወሰን ያበጅለታል። ምሳሌው ከአማናዊው ጋር እንዳይምታታ ድንበሩ ከታወቀ፣ ምሳሌን ማብዛት አያሰጋም። ኤኮም ንባብ ገደብ እንዳለው የተከራከረበትን መጽሐፍ ያወጣው ከልብ ወለዱ አሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ነው።

እንግዲህ «መጽሐፈ ምሥጢር»ን ለነገረ መለኮት፣ «አርጋኖን»ን ለጸሎት ብቻ ትተን የምናልፍ ከሆነ፣ በአንድ አእምሮ ውስጥ የተገናኙትን ሐያሲና ባለቅኔ እንለያያለን። ምሳሌ፣ አማናዊና ትእምርት የሚሉት ቃላትም የሥነ ጽሑፍ ጥናታችን መሣሪያ ሊሆኑ የሚችሉት ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ስናነብ ነው።