መጤ አዳኝ ዓሦችን መቆጣጠር፦ የኮሎራዶ ወንዝ ተሞክሮ

መጤ አዳኝ ዓሣ የሚባለው በሰው አማካኝነት ከተፈጥሮ መኖሪያው ውጭ ወደሚገኝ ውኃ ገብቶ የአካባቢውን ዓሦች የሚመገብ ዝርያ ነው። ችግሩ ጎልቶ ከታየባቸው ወንዞች አንዱ በምዕራብ አሜሪካ የሚፈሰው ኮሎራዶ ነው። በተፋሰሱ ኮሎራዶ ፓይክሚኖ፣ ሃምፕባክ ቸብ፣ ሬዘርባክ ሳከርና ቦኒቴይል የተባሉ አራት አገር በቀል ዝርያዎች በሕግ ጥበቃ ሥር ይገኛሉ። ከእነዚህ ውስጥ ትልቁ አዳኝ ፓይክሚኖ ብቻ በመሆኑ፣ ሌሎቹ ከውጭ የመጡ በርካታ አዳኞችን የሚቋቋሙበት ተፈጥሯዊ መከላከያ አላዳበሩም።

እ.ኤ.አ. በ1962 የፍሌሚንግ ጎርጅ ግድብ ውኃ መያዝ ከመጀመሩ በፊት፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው የግሪን ወንዝና ገባሮቹ ሮቴኖን በተባለ መርዝ እንዲታከሙ ተደርጓል። ይህን ያደረጉት የመንግሥት ተቋማት ሲሆኑ፣ ዓላማው ለመዝናኛ አጥማጆች የሚፈለገውን ትራውት ለማርባት አገር በቀሎቹን ማስወገድ ነበር። ዛሬ በከፍተኛ ወጪ የሚጠበቁት እነዚያው ዓሦች ናቸው።

በአሁኑ ወቅት ከፍተኛ ሥጋት ከደቀኑት መጤዎች መካከል ስሞልማውዝ ባስ፣ ኖርዘርን ፓይክና ዎልአይ ይገኙበታል። ባለሙያዎች በጀልባ ላይ ሆነው በውኃው ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል በመልቀቅ ዓሦቹን ለጊዜው ያደነዝዛሉ፤ አገር በቀሎቹን መልሰው እየለቀቁ መጤዎቹን ያስወግዳሉ። ሥራው በየዓመቱ ይከናወናል። ይሁንና ለብቻው በቂ አይደለም፤ ውኃው የሚቀንስበትና የሚሞቅበት አንድ ዓመት ሲያጋጥም የተረፉት ጥቂት ባሶች በብዛት ይራባሉና።

ስለዚህ ትኩረቱ ወደ ውኃው አያያዝ ዞሯል። ወንዱ ባስ ዕንቁላልና ጫጩት ያለበትን ጎጆ ሞቅ ባለና ጸጥ ባለ ውኃ ውስጥ ይጠብቃል። በዚሁ ወቅት ከግድቡ ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ወንዱ ጎጆውን ይተዋል፤ ጫጩቶቹም በጎርፍ ይወሰዳሉ። ይህ ዘዴ ከ2021 ጀምሮ በፍሌሚንግ ጎርጅ ተሞክሯል።

በግሌን ካንየን ግድብ ችግሩ የሙቀት ነው። በድርቅ ምክንያት የፓወል ሐይቅ ሲጎድል፣ ከላይ ያለው ሞቃት ውኃ ባሶችን ጭምር ይዞ በተርባይኖቹ ማለፍ ጀመረ፤ በ2022 ከግድቡ በታች የባስ ጫጩቶች ተገኙ። ከግድቡ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ትልቁ የሃምፕባክ ቸብ መንጋ ይኖራል። በ2024 ክረምትና መኸር ከሐይቁ ጥልቅ ክፍል ቀዝቃዛ ውኃ በማለፊያ ቱቦዎች ተለቆ ወንዙ ለባስ መራቢያ እንዳይመች ተደርጓል። ይህ ውኃ ተርባይን ስለማያንቀሳቅስ ሊመነጭ የሚችል ኤሌክትሪክ ታጥቷል፤ ዓሣውን የመጠበቅ ዋጋ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

በአገራችን የጣና ሐይቅ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የላቤዮባርበስ ዝርያዎች መኖሪያ ሲሆን፣ ከእነዚህ በርካቶቹ በክረምት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። በመሆኑም የዓሣ ጫጩት ከአንድ ተፋሰስ ወደ ሌላ ለማዘዋወር የሚያስቡ አርቢዎች አስቀድመው የአካባቢያቸውን የዓሣ ሀብት ባለሙያ እንዲያማክሩ ይመከራል።