ከነፋስ ስልክ እስከ ትየርኪዲ

ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ስልክ የሚደውል ሰው ከሩቅ ይታወቃል። ከጎጆው ወጥቶ ቀፎውን ወደ ላይ ያነሳል፤ ኔትወርክ ሲያገኝ እዚያው ቆሞ ጆሮው ላይ ይለጥፈዋል። መጠለያው በጋምቤላ ክልል፣ በኢታንግ ወረዳ የተከፈተው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ድንበር ተሻግረው የመጡት አብዛኞቹ ኑዌሮች ናቸው። ለእነሱ ስልክ የተበተነ ቤተሰብ መሰብሰቢያ ነው። ታዲያ የሞባይል ማማው ጨረር ይጎዳን ይሆን የሚል ስጋት ሲነሳ፣ መልሱ ማጣጣል ሊሆን አይገባም።

ሽቦ አልባ ሞገድ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባው ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ደግሞ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ጉልበት ያላቸው ማሰራጫዎች ነበሩት። የአንድ የሞባይል አንቴና ጉልበት ግን አብዛኛውን ጊዜ በአሥሮች ዋት የሚቆጠር ነው።

ለሰው የሚፈቀደው የጨረር መጠን ገደብ ታሪክ የሚጀምረው ከራዳር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ሄርማን ሽዋን የተባለ ሳይንቲስት የሰውነትን መሞቅ መነሻ አድርጎ፣ በካሬ ሜትር 100 ዋትን እንደ ጣሪያ አቀረበ። ሶቪየት ኅብረት በበኩሏ በነርቭ ላይ ለውጥ ያመጣል ብላ ለሙሉ የሥራ ቀን 0.1 ዋት ብቻ ፈቀደች። ልዩነቱ ሺህ እጥፍ ነበር! ሞስኮ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ለዓመታት በማይክሮዌቭ መመታቱ ሲሰማ ክርክሩ የፖለቲካም ሆነ። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው የሠራተኞቹ የጤና ጥናት ከሞገዱ ጋር የሚያያዝ ጉዳት አላገኘም።

ዛሬ ብዙ አገሮች የሚከተሉት፣ ኢክኒርፕ የተባለው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ1998 እ.ኤ.አ. አውጥቶ በ2020 ያደሰውን መመሪያ ነው። ስሌቱ ግልጽ ነው። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 4 ዋት ሲቀበል የሰውነት ሙቀት ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ለሠራተኛ ይህ በ10 ተካፍሎ 0.4፣ ለሕዝብ በ50 ተካፍሎ 0.08 ሆነ። ማካፈያው ይህን ያህል የሰፋበት አንዱ ምክንያት ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ ሕመምተኞችና በሞቃት አየር የሚኖሩ ሰዎች መታሰባቸው ነው። የጋምቤላን የመጋቢት ፀሐይ የቀመሰ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ካንሰርን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. ሞገዱን «ካንሰር ሊያስከትል ይችላል» በሚለው ምድብ አስገብቶታል። ይህ ምድብ ማስረጃው ውስን ሲሆን የሚሰጥ ነው። በ2024 ድርጅቱ ያስጠናው ሰፊ ግምገማ ግን በሞባይልና በአንጎል ካንሰር መካከል ትስስር አላገኘም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የማማው ጨረር በርቀት ፈጥኖ ይደክማል፤ በተለያዩ አገሮች ሲለካም መሬት ላይ ያለው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከገደቡ አንድ በመቶ አይሞላም። ለሰውነታችን ቅርቡ ጆሯችን ላይ ያለው ቀፎ ነው፤ ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ጉልበቱን ይጨምራል። ስለዚህ ማማ ይራቅልን ማለት ቀፎው ይበርታብን ማለት ሊሆን ይችላል። ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ጥሪን ማሳጠር፣ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ቀፎውን ከጭንቅላት ማራቅ ይረዳል። እውነተኛው አደጋ ያለው አንቴናው ፊት ለፊት ነው፤ ማማ ላይ የሚወጣ ቴክኒሻን አንቴናው ሳይጠፋ ሊጠጋው አይገባም።

ገደብ ወረቀት ላይ ብቻ ከቀረ ማንንም አያረጋጋም። በትየርኪዲና በአካባቢው ማማዎች ሥር ያለው ጨረር ይለካ፤ የተለካው ቁጥር ከገደቡ ጎን ለጎን ሕዝቡ በሚያነበው በኑዌር ቋንቋ አጥሩ ላይ ይለጠፍ።