የዘፋኝ ዋጋ፤ ከጭራ ዋጣ እስከ ሂፕ ሆፕ

ሰው ለደከመበት ሥራ ዋጋውን ማግኘት እንደሚገባው የማይመሰክር የለም። ገበሬን ያጨደውን እህል፣ ሸማኔን የሠራውን ኩታ፣ አናጢን የጠረበውን በር «በነጻ ስጠኝ» የሚል ሰው ቢመጣ የሰማው ሁሉ ይደነቃል። የዘፋኝ ነገር ሲነሣ ግን ይህ ግልጽ የነበረ ፍርድ ይደበዝዛል። ዘፈን አይመዘንም፤ አይሰፈርም፤ ዘፋኙም አፉን ከዘጋ በኋላ በእጅ የሚያዝ ነገር አይቀርም። ስለዚህ ለዘፋኝ ምን ይከፈለው? ከፋዩስ ማን ነው? ስሙ መታወቁ ብቻ ዋጋ ሊሆን ይችላልን? የሚሉት ጥያቄዎች በየዘመኑ ልዩ ልዩ መልስ ሲሰጣቸው ኖረዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚያን መልስ ታሪክ በአጭሩ ለአንባቢ ማቅረብ ነው።

ጥያቄውን ወደ ልቤ ያመጣው አንድ የቤተ ዘመድ ጉዳይ ነው። የእኅቴ ልጅ በመቀሌ ከተማ ጫፍ፣ በዓይናለም ይኖራል። በትግርኛ እየገጠመ፣ ቢት በሚሉት የሙዚቃ ምት ላይ ቃልን እየደረደረ፣ ሂፕ ሆፕ የተባለውን ዘፈን ይጫወታል። ባለፈው ዓመት የአንድ ዝግጅት አሰናጆች ጠርተው «ገንዘብ ባይኖረን ብዙ ሰው ያይሃል፤ ስምህ ይታወቃል» አሉት። ልጁም ሁለት ሳምንት ተለማምዶ፣ ለስቱዲዮ ከኪሱ ከፍሎ፣ በተቀጠረው ቀን ዘፈነ፤ እጅግም ተጨበጨበለት። ሌሊት ግን የባጃጅ ሒሳብ አጥቶ እስከ ዓይናለም በእግሩ መጣ። እናቱ በሩን ከፍታ ነገሩን ሁሉ ካዳመጠች በኋላ፣

«ድንኳኑን ለተከለውስ ከፍለውታልን?» ብላ ጠየቀችው።

«አዎን።»

«ወንበሩን ላከራየውስ?»

«አዎን፤ ለመብራቱም ተከፍሏል።»

እርስዋም ከዚያ በላይ ሳትናገር እራቱን አቀረበችለት። የእኔም ምርመራ የተነሣው ከዚህ አጭር ጥያቄ ነው።

በአገራችን በዘፈን የሚተዳደረው ጥንታዊ ባለ ሙያ አዝማሪ ነው። ስሙ ዘመረ ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ሲሆን፣ መዝሙር የሚለው ክቡር ቃልም የበቀለው ከዚያው ሥር ነው። በትግራይ መሰንቆውን ጭራ ዋጣ፣ ባለ መሰንቆውንም ዋጣ ይሉታል። አዝማሪ በግብር አዳራሽ፣ በሠርግና በጠጅ ቤት ሲዘፍን ዋጋው ሽልማት ነበረ። ይበላል፣ ይጠጣል፤ እንደ ጌታው ለጋስነትም ልብስ ወይም ብር ይቀበላል። በዘፋኝ ግንባር ላይ ብር መለጠፍ እስከ ዛሬ ያልተወ ልማድ መሆኑን በሠርግ ቤት የተገኘ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ጌታ «በእኔ አዳራሽ መዝፈንህ ያስከብርሃልና ይብቃህ» ቢለው ኖሮ፣ ንፉግነቱ በማግሥቱ በሰምና ወርቅ ተጠቅልሎ ከአገር ወደ አገር በዞረ ነበር።

ይህ ሕግ በታላላቆች አዳራሽ ብቻ የሚሠራ አይደለም። በቡሄ ወንዶች ልጆች በየደጁ ሆያ ሆዬ ሲሉ ባለቤቲቱ ሙልሙል ይዛ ትወጣለች። በነሐሴ አጋማሽ የመቀሌ ልጃገረዶች አሸንዳቸውን በወገባቸው ታጥቀው፣ ከበሮ እየመቱ ሲዘፍኑ የሚመለከታቸው ሰው እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። «ጎረቤቶቼ ሁሉ ይሰሟችኋልና ይህ አይበቃችሁምን?» ብሎ ሕፃናትን ባዶ እጃቸውን የሚሸኝ ሰው በየትኛውም ሰፈር አይመሰገንም።

ነገር ግን ያለፈውን ዘመን ከመጠን በላይ ማመስገን አይገባም። አዝማሪው ሽልማት ቢያገኝም ክብር አልነበረውም። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ራሱ ከመዝሙር ጋር ዘመድ መሆኑ ተረስቶ የስድብ ቃል እስከ መሆን ደረሰ። ሲዘፍን ያጨበጨበለት ጨዋ ነኝ ባይ ልጁን ለእርሱ ለመዳር አይወድም ነበር። የዘፋኝን እውነተኛ ኃይል ከወዳጅ ይልቅ ጠላት ያወቀበትም ጊዜ ነበረ። በ1929 ዓ. ም. ከየካቲት 12 ቀን በኋላ ግራዚያኒ በየአገሩ የሚዞሩ ዘፋኞችና ጠንቋዮች ተይዘው እንዲገደሉ አዘዘ። የዘፈን ቃል ሕዝብን ያነሣሣል ብሎ ፈርቶ ነውና፣ ያ ክፉ ትእዛዝ ዘፈን ተራ ነገር አለመሆኑን ሳይወድ መሰከረ።

ሁለተኛው ዘመን የደመወዝ ዘመን ነው። በ1927 ዓ. ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። ከነጻነት በኋላም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ተስፋፉ፤ በ1948 ዓ. ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ የሚባለው ቴአትር በአዲስ አበባ ተከፈተ። በዚህ ጊዜ ዘፋኝ የደንብ ልብስ ለብሶ፣ በመዝገብ ተጽፎ፣ እንደ ማንኛውም የመንግሥት አገልጋይ በየወሩ ደመወዙን መቀበል ጀመረ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበረ። ሆኖም ሙያው በአዛዡ ፈቃድ ሥር ስለ ነበረ፣ ዘፈኑን ወደ ወደደው ወስዶ የመሸጥ ነጻነት አልነበረውም። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብትም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ኖረ።

ይህን አጥር የጣሰው አቶ አምሐ እሸቴ ነው። በ1961 ዓ. ም. ገና ወጣት ነጋዴ ሳለ አምሐ ሪከርድስ የተባለውን ድርጅት አቁሞ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አወጣ። በ1967 ዓ. ም. ከአገር እስኪወጣ ድረስም ከመቶ የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎችንና ዐሥር ያህል ትልልቆችን አሳተመ። ዘፈን ከአዳራሽና ከጦር ሰፈር ወጥቶ በሱቅ የሚሸጥ ዕቃ የሆነው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ሕጉም ቢሆን ፈጽሞ ዝም አላለም። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1647ኛው እስከ 1674ኛው ቁጥር ድረስ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደነገገ። የሚጠብቀው ግን ደራሲውን ነበር፤ የተጫዋቹን መብት ለብቻው አልዘረዘረም። በኋላም ካሴት መጣ። ኪሮስ ዓለማየሁን የመሰለ ድምፃዊ ትግርኛ ወደማይሰማባቸው ቤቶች ሁሉ የገባው በካሴት ነው። ያው ካሴት ግን አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ሊገለብጠው የሚችል ነገር ስለ ሆነ፣ ዘፈኑ እየተስፋፋ ሲሄድ የዘፋኙ ጥቅም አብሮት አልሄደም። ስሙ በየሻይ ቤቱ እየተጠራ ኪሱ ባዶ የሆነ ዘፋኝ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር አልነበረም። ከብዙ አቤቱታ በኋላ በሐምሌ 1996 ዓ. ም. አዋጅ ቁጥር 410 ወጥቶ ከደራሲው ሌላ የተጫዋቹን፣ የድምፅ ቅጂ አዘጋጁንና የማሠራጫ ድርጅቱን መብት አወቀ፤ ለተጫዋቹም መብት የ50 ዓመት ዘመን ወሰነለት። በ2007 ዓ. ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872፣ ደግሞ ባለ መብቶች በማኅበር ተሰባስበው የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡበትን መንገድ ከፈተ።

አሁን ወደ ሂፕ ሆፕ እንመለስ። ይህ የዘፈን ዓይነት ከባሕር ማዶ የመጣ ነውና የእርሱንም ልደት ማወቅ ይገባል። ብዙዎች መነሻው አድርገው የሚቈጥሩት በነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ. ም. በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በሚባለው ክፍል፣ ዲጄ ኩል ኸርክ የተባለው የጃማይካ ተወላጅ ወጣት ሸክላ ያጫወተበትን ግብዣ ነው። ግብዣውን ያሰናዳችው እኅቱ ስትሆን፣ ምክንያትዋም ለትምህርት መክፈቻ የሚሆን የልብስ መግዣ ለማግኘት ነበረ። ስለዚህ በሩ ላይ ከሴቶች 25 ሳንቲም፣ ከወንዶች 50 ሳንቲም ይቀበሉ ነበር። እንግዲህ ሂፕ ሆፕ ከድኾች ሰፈር ቢወለድም በተወለደባት ሌሊት እንኳ የመግቢያ ዋጋ እንደ ነበረው ልብ ይሏል።

የዘፈን ዋጋ በተዘፈነበት ቀን ተቈጥሮ እንደማያልቅ የሚያሳይ ሌላም ምሳሌ አለ። በ1960ዎቹ ዓ. ም. አቶ ሙላቱ አስታጥቄ በአዲስ አበባ «የግሌ ትዝታ» የተባለውን ዜማ ቀረጸ። ከ35 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2002 ዓ. ም. ናስ የተባለው የአሜሪካ ራፕ ዘፋኝና ዴሚየን ማርሊ ያንኑ ዜማ ቈርጠው ለራሳቸው ዘፈን መሠረት አደረጉት። ዜማው ሲቀረጽ ሂፕ ሆፕ ገና ስሙም አልተሰማም ነበር። ስለዚህ ወጣት ዘፋኝ የተቀረጸ ሥራውን ለአንድ ምሽት ጭብጨባ ብሎ ሲለቅ፣ የሚለቀው የአንድ ምሽት ድካሙን ብቻ ላይሆን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ነገር እንማራለን። የጥንቱ ኅብረተ ሰብ ለአዝማሪ ሽልማት ሰጥቶ ክብር ነፈገው። የዛሬው ደግሞ ወጣቱን «አርቲስት» ብሎ ያከብረዋል፤ ፎቶግራፉን በማስታወቂያ ላይ ይለጥፋል፤ እጅ ነሥቶ ይጋብዘዋል፤ ሒሳቡን ሲጠይቅ ግን ይደነግጣል። ሁለቱም የሰጡት የዋጋውን እኩሌታ ነው። ዕዳን በእኩሌታ ከፍሎ ጨርሻለሁ ማለት ደግሞ በየትኛውም ሚዛን ትክክል አይሆንም።

በእርግጥ መታወቅ ከንቱ ነገር ነው ማለታችን አይደለም። በትግራይ ደግሞ ይህ ፍላጎት ልዩ ምክንያት አለው። በ2013 ዓ. ም. ከተጀመረው ጦርነት የተነሣ የስልክ፣ የኢንተርኔትና የባንክ አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበረ። ለእናቱ ዘመድ እንኳ ድምፁን ማሰማት ሳይችል የቆየ ወጣት «ሕዝብ ይሰማሃል» የሚል ቃል ሲቀርብለት ልቡ ቢሳብ አይፈረድበትም። ስለዚሁም ነው ይህን ረኃብ አይቶ በነጻ ለማሠራት የሚቻኰል ሰው ይበልጥ የሚያሳፍረው።

እንግዲህ መለያው ምንድን ነው? በመቀሌ ገበያ ነጭ ማር የምትሸጥ ሴት ለገዢ ታስቀምሳለች። ቅምሻ ግን በጣት ጫፍ ነው፤ ማሰሮውን ሙሉ ልቅመስ የሚል የለም። ደግሞም የምታስቀምሰው እርስዋ በወደደች ጊዜ ነው እንጂ ገዢው ባዘዘ ጊዜ አይደለም። እንዲሁም ከ1967 እስከ 1983 ዓ. ም. በትግራይ በረሃ የነበሩት የባህል ቡድኖች፣ እንደ ኢያሱ በርሀ ያሉት ታጋይ ዘፋኞች፣ ያለ ደመወዝ ዘፍነዋል። ነገር ግን በዚያ በረሃ የሚዋጋውም፣ የሚያክመውም፣ እንጀራ የሚጋግረውም ደመወዝ አልነበረውም። ሁሉ በነጻ በሚያገለግልበት ስፍራ ዘፋኙም በነጻ ቢያገለግል ክብሩ ነው። ሌላው ሁሉ ተከፍሎት ዘፋኙ ብቻ «ስምህ ይበቃሃል» ቢባል ግን ይህ በደል ነው።

ዓይናለም ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች። ዓይን በግዕዝ የውሃ ምንጭም ማለት ነውና፣ መቀሌ ለብዙ ዓመታት የምትጠጣው ውሃ በአብዛኛው የወጣው በዓይናለም ከተቈፈሩት ጥልቅ ጕድጓዶች ነው። ውሃው የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ቢሆንም ቈፋሪው፣ መሣሪያውና መብራቱ ዋጋ ስላላቸው የከተማው ሕዝብ በየወሩ ሒሳቡን ይከፍላል። ከዚያው ምድር የሚፈልቀው የወጣቶች ቃልም እንዲሁ ነው። ተሰጥኦው ስጦታ ቢሆን ድካሙ ስጦታ አይደለም። ስለዚህ በዓል የምናሰናዳ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ነጋዴዎች ሁሉ በጀታችንን ስንጽፍ ከድንኳኑና ከወንበሩ መስመር ቀጥሎ የዘፋኙን መስመር መጻፍ ይገባናል። ወጣቶችም የሥራውን ሰዓት፣ ዋጋውንና የተቀረጸው ድምፅ የማን እንደሚሆን ከመድረክ በፊት በወረቀት ማስፈር ይልመዱ።

የእኅቴ ልጅ በዚህ ዓመት ሌሎች ሰዎች በጠሩት ጊዜ አንድ ገጽ ውል አብረን ጻፍን። ከጠየቀው ዋጋ እኩሌታውን ብቻ እሺ አሉት፤ እርሱም አስቦ ተስማማ፤ የቅጂው መብት ግን በእጁ ቀረ። በዚያው ወር የሰፈሩ ሰዎች ለትምህርት ቤታቸው የወንበር መግዣ ለማሰባሰብ ሲሰበሰቡ፣ ማንም ሳይለምነው ሄዶ በነጻ ዘፈነላቸው። በዚያ ምሽት ድንኳን ተካዩም ዋጋ አልጠየቀም።